ሊንከን፣ ዳግላስ፣ ተብማን ወይስ ሮቢንሰን? ለታሪክ ፔፐር ሰው ስትመርጡ

የታሪክ መምህር «ስለ አንድ አሜሪካዊ የታሪክ ሰው ስምንት ገጽ ጻፉ» ሲል አብዛኛው ተማሪ ዝነኛ ስም ይመርጣል። ስሙ ከታወቀ ሥራው የሚቀል ይመስለዋል። ተማሪዎችን ሳግዝ የማየው ግን ተቃራኒውን ነው። ስለ ዝነኛ ሰው የሚገኘው ነገር ከመብዛቱ የተነሣ ፔፐሩ የሕይወት ታሪክ ማጠቃለያ ሆኖ ይቀራል። ተወለደ፣ አደገ፣ ተመረጠ፣ ሞተ። መምህሩ የፈለገው ይህን አይደለም። ጥያቄ አንሥታችሁ፣ ማስረጃ ይዛችሁ፣ የራሳችሁን መልስ እንድትከራከሩለት ነው።

ስለዚህ ሰው ስትመርጡ ዝናውን ተዉትና ሁለት ነገር አጣሩ። መጀመሪያ፣ እናንተ ራሳችሁ ልታነቡት የምትችሉት፣ በዚያው ዘመን የተጻፈ ሰነድ አለ ወይ? ቀጥሎ፣ ሰነዶቹ እርስ በርስ የማይስማሙበት ቦታ አለ ወይ? ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይበልጣል። ሁሉም ነገር ከተስማማ የምትከራከሩበት ነገር አይኖርም።

ተማሪዎች ደጋግመው የሚያነሷቸውን ሰዎች በእነዚህ ሁለት መለኪያዎች ላወዳድራቸው። አንድ ብዙ ሰው የማያውቀውን ስምም ጨምሬአለሁ፤ የአማርኛ አንባቢን ይመለከታልና። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አብርሃም ሊንከን

በእርስ በርስ ጦርነቱ ጊዜ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የነበረውን ሊንከንን የመረጠ ሰው የምንጭ ችግር የለበትም። ደብዳቤዎቹና ንግግሮቹ ተሰብስበው በብዙ ቅጽ ታትመዋል። የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ያንን ስብስብ ኢንተርኔት ላይ በነጻ አስቀምጦታል። ላይብረሪ ኦፍ ኮንግረስ ያሉት ወረቀቶቹም በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሲሆን፣ ፎቶ ተነሥተው ለማንም ክፍት ናቸው። ሰነዶቹ ብዙውን ጊዜ አጫጭር ናቸው። የጌቲስበርግ ንግግር 270 ቃላት ገደማ ብቻ ነው። እንግሊዝኛው ገና ላልጠነከረ ተማሪ ይህ ትልቅ ነገር ነው። አንድ ሰነድ ተቀምጦ ቃል በቃል ማጥናት ይችላል።

ፈተናው የርዕሱ ስፋት ነው። «ሊንከን ባሮችን ነጻ አወጣ» ብላችሁ ከጀመራችሁ ከእናንተ በፊት የተጻፈውን ትደግማላችሁ። የሚያዋጣው አንድ ሰነድ ይዞ ጠልቆ መግባት ነው። እኔ የምመክረው ኦገስት 22 ቀን 1862 ለኒውዮርክ ትሪቡን ጋዜጣ አዘጋጅ ለሆረስ ግሪሊ የጻፈውን ደብዳቤ ነው።

እዚያ ላይ ሊንከን ዋና ዓላማዬ የአገሪቱን አንድነት ማዳን ነው ይላል። አንድም ባሪያ ነጻ ሳላወጣ አንድነቱን ማዳን ከቻልኩ አደርገዋለሁ፤ ሁሉንም ነጻ አውጥቼ ማዳን ከቻልኩም አደርገዋለሁ ይላል። ብዙ ተማሪ እዚህ ላይ ያቆምና «ሊንከን ለባርነት ጉዳይ ደንታ አልነበረውም» ብሎ ይደመድማል። ሊንከንን የሚያደንቀው ደግሞ ደብዳቤውን ጭራሽ አያነሣውም። እስከ መጨረሻው ያነበበ ግን ሌላ ዓረፍተ ነገር ያገኛል። ሊንከን ይህን ያልኩት የሥልጣን ግዴታዬ ስለሆነ ነው፤ ሰው ሁሉ በየትኛውም ቦታ ነጻ ቢሆን የሚለው የግል ምኞቴ ግን አልተለወጠም ብሎ ይዘጋል።

ቀኑንም ልብ በሉ። ከአንድ ወር በፊት፣ ጁላይ 22፣ የነጻነት አዋጁን ረቂቅ ለካቢኔው አቅርቦ ነበር። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ዊልያም ሲዋርድ ጦራችን ድል እስኪያገኝ ቆይ ብሎ መከረው። አንቲተም ላይ የተደረገው፣ እንደ ድል የተቆጠረው ውጊያ ሴፕቴምበር 17 አለቀ። ከአምስት ቀን በኋላ ቅድመ አዋጁ ወጣ። ስለዚህ ለግሪሊ ሲጽፍ ሐሳቡን ቆርጦ ጨርሷል፤ ረቂቁም እጁ ላይ ነው። ታዲያ ለምን እንዲህ አድርጎ ጻፈ? ሕዝቡን ለሚመጣው ነገር እያዘጋጀ ነበር? ባርነትን ይዘው ከሰሜኑ ጋር የቀሩትን የድንበር ግዛቶች እያባበለ ነበር? ይህ አንድ ጥያቄ ስምንት ገጽ ይሞላል፤ ለዚያውም ውኃ የሚያነሣ ክርክር ይወጣዋል።

ስለ ዋሽንግተንና ስለ ፍራንክሊን በአጭሩ

ጆርጅ ዋሽንግተንን ወይም ቤንጃሚን ፍራንክሊንን ለምታስቡ፣ ፋውንደርስ ኦንላይን የሚባለው የአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ድረ ገጽ አለላችሁ። ከ180 ሺህ በላይ ሰነዶች ከእጅ ጽሑፍ ወደ ታይፕ ተገልብጠው በነጻ ይገኙበታል። በቃል መፈለግም ይቻላል። ለተማሪ ከዚህ የተመቸ የለም ማለት ይቻላል።

ግን የ18ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝኛ ከባድ ነው። ዓረፍተ ነገሩ ይረዝማል፤ አንዳንዱ ቃል ዛሬ የያዘውን ትርጉም አልያዘም። ዋሽንግተን ላይ ደግሞ ተረት ተደራርቦበታል። አባቱ የተከለውን የቼሪ ዛፍ ቆርጦ «መዋሸት አልችልም» አለ የሚለውን ወሬ በ1806 ባሳተመው እትም ያስገባው ሜሰን ዊምስ የሚባል የሕይወት ታሪክ ጸሐፊ ነው። ማስረጃ የለውም። ዋሽንግተንን የሚመርጥ ሰው ብመክር፣ በ1799 የጻፈውን ኑዛዜና በ1796 ከቤቱ ያመለጠችውን ባሪያ የኦና ጀጅን ታሪክ ጎን ለጎን አስቀምጦ ይይ እለዋለሁ። ኑዛዜው በስሙ ያሉት ባሮች ነጻ እንዲወጡ ያዛል። ኦና ጀጅ ደግሞ ካመለጠች ከብዙ ዓመት በኋላ ለጋዜጦች ቃሏን ሰጥታለች። አንዱን ሰው ከሁለት በኩል ማየት ይህ ነው።

ፍሬድሪክ ዳግላስ

ለአብዛኛው ተማሪ የመጀመሪያ ምርጫዬ ዳግላስ ነው። ምክንያቴን ዘርዘር አድርጌ ልንገራችሁ።

ዳግላስ በ1818 በሜሪላንድ በባርነት ተወለደ። የተወለደበትን ቀን አያውቀውም ነበር። በሴፕቴምበር 3 ቀን 1838 አመለጠ። ከዚያ በኋላ የራሱን ሕይወት አንድ ጊዜ ሳይሆን ሦስት ጊዜ ጻፈ፦ በ1845፣ በ1855 እና በ1881። የመጨረሻውን በ1892 አስፋፍቶ በድጋሚ አሳተመው። አንድ ሰው ስለ አንድ ሕይወት በወጣትነቱ፣ በጎልማሳነቱና በሽምግልናው ሲጽፍ የሚለወጥ ነገር አለ። ሥራችሁ የተለወጠውን ፈልጎ ማግኘትና ለምን እንደተለወጠ መጠየቅ ነው። ሦስቱም መጻሕፍት የቅጂ መብታቸው ያለፈ ስለሆነ ኢንተርኔት ላይ ያለ ክፍያ ይገኛሉ። የ1845ቱ ከመቶ ገጽ ብዙም አያልፍም፤ ቅዳሜና እሑድ ያልቃል።

አንድ ምሳሌ ቀረብ ብለን እንይ። በ1845ቱ መጽሐፍ ምዕራፍ 11 ላይ ዳግላስ ስለ ማምለጡ ይጀምርና እንዴት እንዳመለጠ ግን አልናገርም ይላል። ከተናገርኩ የረዱኝን ሰዎች አሳልፌ እሰጣለሁ፤ ኋላዬ ለሚመጡትም መንገዱን እዘጋለሁ ነው ምክንያቱ። ከዚህም አልፎ የማምለጫውን መረብ በአደባባይ የሚያወሩትን የባርነት ተቃዋሚዎች ይወቅሳቸዋል። ባለቤቶቹ በራቸውን እንዲጠብቁ ከማስተማር በቀር ለባሪያው ምንም አልጠቀማችሁትም ይላቸዋል።

አሁን የ1881ዱን ክፈቱ። ባርነት በሕግ ከቀረ ብዙ ዓመት አልፎታል። ዳግላስ አሁን ሁሉንም ይናገራል። ከአንድ መርከበኛ ወዳጁ የመርከበኛ መታወቂያ ወረቀት ተዋሰ። ቀይ ሸሚዝና የመርከበኛ ኮፍያ አደረገ። ከባልቲሞር የሚነሣው ባቡር ሊንቀሳቀስ ሲል ዘሎ ገባ። ትኬት ቆራጩ ነጻ ሰው መሆንህን የሚያሳይ ወረቀት አለህ ወይ ሲለው፣ ባሕር ላይ ስወጣ ያንን አልይዝም፣ ግን የአሜሪካ ንስር ያለበት ወረቀት አለኝ ብሎ የተዋሰውን አሳየው። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው የሰውነት መግለጫ ከዳግላስ ጋር አይመሳሰልም። ትኬት ቆራጩ አተኩሮ ቢያየው ኖሮ ያልቅለት ነበር። ሰውየው ንስሩን አየ፣ ገንዘቡን ተቀበለ፣ አለፈ።

እነዚህን ሁለት ምንባቦች ጎን ለጎን ያስቀመጠ ተማሪ ፔፐሩን ግማሽ ጨርሷል። «የዳግላስ ዝምታ እንደ ንግግሩ ሁሉ የትግል መሣሪያ ነበር» የሚል ቲሲስ (የምትከራከሩለት ዋና ሐሳብ) ከዚህ ይወጣል። መምህሩም ይህን ከኢንሳይክሎፒዲያ እንዳልገለበጣችሁት ወዲያው ያውቃል።

ሌላም የሚቆፈር ቦታ አለ። ባልቲሞር ሳለ የታጨችለት፣ በኋላም ሚስቱ የሆነችው አና መሪ ነጻ ሴት ነበረች። ለማምለጡ በገንዘብ ረድታዋለች። በሦስቱ መጻሕፍት ውስጥ ግን እሷን ፈልጋችሁ የምታገኙት ነገር ጥቂት ነው። ልጃቸው ሮዜታ በ1900 ስለ እናቷ ባደረገችው ንግግር ብዙ የጎደለውን ሞልታለች። ባልየው ለምን ዝም አለ? ልጅቷስ ለምን ተናገረች? ለኔ ስለ ዳግላስ ከሚጻፉ ርዕሶች ሁሉ ልብ የሚነካው ይህኛው ነው። ብዙ ተማሪም አይሄድበትም።

ዳግላስ ድካም የለውም ማለት አይደለም። ቋንቋው የሰባኪ ቋንቋ ነው፤ በ1855ቱ መጽሐፍ ላይ በተለይ ይረዝማል። ሰውየው ራሱ ስለራሱ የጻፈው ብዙ ስለሆነም ያለውን ሁሉ እንዳለ የመቀበል አደጋ አለ። የራሱን ቃል ቢያንስ በአንድ የውጭ ምንጭ ፈትኑት። የዘመኑ ጋዜጣ፣ የሌላ ሰው ደብዳቤ፣ የሮዜታ ንግግር፣ ማንኛውም ይሆናል።

ዲሲና አካባቢው ለምትኖሩ አንድ ነገር ልጨምር። ዳግላስ በ1895 ያረፈበት ሲዳር ሂል የተባለው ቤቱ አናኮስቲያ ውስጥ ነው፤ ናሽናል ፓርክ ሰርቪስ ያስጎበኘዋል። የመጻሕፍት መደርደሪያውና ጠረጴዛው ይታያል። ላይብረሪ ኦፍ ኮንግረስም እዚያው ከተማ ስለሆነ፣ ከ16 ዓመት በላይ የሆነ ሰው የአንባቢ ካርድ በነጻ ማውጣት ይችላል።

ሐሪየት ተብማን

ራሷ ከባርነት አምልጣ ሌሎችን ለማስመለጥ የተመለሰችው ተብማን ከዳግላስ ጋር እኩል ትወደዳለች። በተለይ ሴት ተማሪዎች ይመርጧታል፤ ደስ ይለኛልም። ግን ምንጩ ላይ ዳግላስን እንደምታነቡት አታነቧትም። ተብማን ማንበብና መጻፍ አልተማረችም። የምናውቀው ሁሉ ሌላ ሰው የጻፈው ነው። ይህን ሳታውቁ ከጀመራችሁ ፔፐሩ መሬት አይዝም። አውቃችሁ ከጀመራችሁ ግን ይኸው ራሱ ርዕስ ይሆናችኋል።

ቁጥሩን እንደ ምሳሌ እንውሰድ። ብዙ መጽሐፍና ፖስተር 19 ጊዜ ተመልሳ 300 ሰው አስመለጠች ይላል። ይህ ቁጥር የመጣው ሣራ ብራድፎርድ የምትባል ጸሐፊ በ1869 ስለ ተብማን ካሳተመችው መጽሐፍ ነው። ብራድፎርድ መጽሐፉን የጻፈችው ለተብማን ገንዘብ ለማሰባሰብ ብላ ነው፤ በጥድፊያም ነው። በኋላ ሰነድ ለሰነድ ያመሳከሩ የታሪክ ተመራማሪዎች 13 ያህል ጉዞና 70 ያህል ሰው ላይ ደርሰዋል። ናሽናል ፓርክ ሰርቪስም ዛሬ የሚጠቀመው ይህን ቁጥር ነው። ቁጥሩ ሲያንስ ክብሯ ይቀንሳል ብሎ የሚሰጋ አለ። እኔ አይመስለኝም። 70 ሰው ማስመለጥ፣ ለዚያውም በየጊዜው ወደ ሞት አፋፍ እየተመለሱ፣ ምን ማጋነን ያስፈልገዋል?

ሰነዱን ፈልጋችሁ ማየት ከፈለጋችሁ በኦክቶበር 1849 የወጣውን ማስታወቂያ አንብቡ። ባለቤቷ ኤላይዛ ብሮደስ ያወጣችው ነው። ሚንቲ የምትባል ሴት ከሁለት ወንድሞቿ ጋር ጠፍታለች ይላል። ዕድሜዋ 27 ገደማ፣ ቁመቷ አምስት ጫማ ያህል፣ መልኳ ደስ የሚል ይላታል። ከግዛቱ ውጭ ለያዛቸው ለእያንዳንዳቸው 100 ዶላር፣ በግዛቱ ውስጥ ለያዛቸው 50 ዶላር ይሰጣል። ሚንቲ የተብማን የልጅነት ስም ናት፤ አራሚንታ ከሚለው። በዚህች ጥቂት መስመር ስንት ነገር አለ! ዕድሜዋን ካሰላችሁ 1822 ትደርሳላችሁ። በየቦታው የሚነገረውን «በራሷ ላይ 40 ሺህ ዶላር ተቆርጦ ነበር» የሚለውንም ከዚህ 100 ዶላር ጋር ማስተያየት ትችላላችሁ። የ40 ሺሁን የሚደግፍ ሰነድ አልተገኘም።

ተብማን ላይ ሌላው ወጥመድ ጥቅስ ነው። «ሺህ ባሮችን ነጻ አወጣሁ፤ ባሮች መሆናቸውን ቢያውቁ ሌላ ሺህ ባወጣሁ ነበር» የሚለው ፌስቡክ ላይ ሲዞር የሚኖር ነው። እሷ ስለመናገሯ ማስረጃ የለም፤ ታሪክ የሚያውቅ መምህር ካየው ፔፐራችሁ ላይ ቀይ እስክሪብቶ ያርፍበታል። እውነተኛዎቹ ምንጮች ላይም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ብራድፎርድ የተብማንን ንግግር ስትጽፍ እሷ እንደመሰላት በተሰባበረ እንግሊዝኛ አድርጋ ነው። ስለዚህ ጥቅሱን ስታስገቡ «ተብማን እንዲህ አለች» ከማለት «ብራድፎርድ እንደጻፈችው» በሉ። አንዲት ቃል ናት፤ ግን ምንጭ መመርመር እንደምትችሉ ታሳያለች።

ከማምለጡ ታሪክ ይልቅ በእርስ በርስ ጦርነቱ ጊዜና ከዚያ በኋላ ያለውን ብትይዙ ደግሞ የተሻለ ሰነድ ታገኛላችሁ። በጁን 1863 ሳውዝ ካሮላይና ውስጥ በኮምባሂ ወንዝ ላይ በተደረገው ዘመቻ መንገድ መሪ ነበረች፤ ከ700 በላይ ሰዎች ነጻ ወጡ። ለሠራዊቱ ሰላይ፣ ነርስና ምግብ አብሳይ ሆና ያገለገለችበትን ተገቢ ክፍያ ግን መንግሥት አልሰጣትም። ያስጻፈችው ቃለ መሐላና የኮንግረስ ወረቀቶች የአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ውስጥ አሉ። በመጀመሪያ ጡረታ የተሰጣት የሞተ ወታደር ሚስት በመሆኗ ብቻ ነው፤ በወር 8 ዶላር። በ1899 ወደ 20 ዶላር ከፍ አለ። «መንግሥት አገልግሎቷን እንዴት ቆጠረው?» የሚለው ጥያቄ ከዚህ ይነሣል። መልሱን ከራሱ ከመንግሥት ወረቀት ማውጣት ይቻላል።

ሜሪላንድ ውስጥ ያለው ዶርቸስተር ካውንቲ፣ ተወልዳ ያደገችበት ቦታ፣ ከዲሲ በመኪና ሁለት ሰዓት ያህል ነው። በ2017 የተከፈተ የጎብኚዎች ማዕከል አለ። ረግረጉንና ጫካውን ያየ ሰው በሌሊት በዚያ መሄድ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

ጆን ሮቢንሰን

አሁን ወደ አራተኛው። «ብራውን ኮንዶር» እየተባለ የሚጠራው ጆን ሮቢንሰን በሚሲሲፒ ያደገ፣ ቺካጎ ውስጥ አብራሪነት የተማረ ጥቁር አሜሪካዊ ነው። በዚያ ዘመን ጥቁር ሰውን የሚቀበል የበረራ ትምህርት ቤት ማግኘት ራሱን የቻለ ትግል ነበር። በ1935 ኢጣሊያ ከመውረሯ በፊት ወደ ኢትዮጵያ መጣና የንጉሠ ነገሥቱን አነስተኛ የአየር ኃይል መራ። በ1936 ወደ አሜሪካ ተመለሰ፤ ቺካጎ ውስጥ በደማቅ አቀባበል ተቀበሉት። በ1944 አብራሪዎችን ለማሠልጠን እንደገና መጣ። በ1954 በአውሮፕላን አደጋ በደረሰበት ጉዳት አዲስ አበባ ውስጥ አረፈ።

እንደ ርዕስ አዲስ ነው። መምህራችሁ ስሙን ሰምቶት ላያውቅ ይችላል፤ እናንተ ደግሞ አማርኛ ታነባላችሁ። ይህ ከክፍላችሁ ማንም የሌለው አቅም ነው። ነገር ግን አራቱን ስናወዳድር በጣም የሚያደክመው እሱ ነው። የተሰበሰቡ ደብዳቤዎች በቀላሉ አይገኙም። የተወለደበት ዓመት እንኳ አንዱ ምንጭ ላይ 1903፣ ሌላው ላይ 1905 ነው። ዋናው ምንጭ እንደ ቺካጎ ዲፌንደርና ፒትስበርግ ኩሪየር ያሉት የዘመኑ የጥቁሮች ጋዜጦች ናቸው። እነሱም በክፍያ በሚገኙ ዳታቤዞች ውስጥ ስለተቀመጡ የኮሌጅ ወይም የከተማ ቤተ መጻሕፍት ካርድ ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ላላችሁ ወመዘክር (ብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት) እና የስድስት ኪሎው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም የዘመኑን ጋዜጦች ለመፈለግ የምትጀምሩባቸው ቦታዎች ናቸው።

ጋዜጦቹን ስታነቡ ደግሞ አስታውሱ። የጥቁሮች ጋዜጦች ሮቢንሰንን ጀግና አድርገው ያቀረቡት አንባቢያቸው በዚያ ጨለማ ዘመን ጀግና ስለሚያስፈልገው ጭምር ነው። ከመጠን በላይ የሚያወድሱት ቦታ ራሱ ማስረጃ ነው፤ ስለ ሮቢንሰን ብቻ ሳይሆን ስለ አንባቢውም ይናገራል። በተረፈ ኢንተርኔት ላይ የኢትዮጵያ አየር መንገድን የመሠረተው እሱ ነው የሚል ታገኛላችሁ። አየር መንገዱ የተቋቋመው በ1945 መጨረሻ ከአሜሪካው ቲ ደብሊው ኤ ጋር በተደረገ ስምምነት ነው። በኤፕሪል 1946 ወደ ካይሮ በረረ። ሮቢንሰን አብራሪዎችን አሠልጥኗል፤ ያ በቂ ክብሩ ነው። ያላደረገውን ጨምራችሁ ያደረገውን አታስጠርጥሩበት።

ሁለት ሰው በአንድ ፔፐር?

አንዳንዱ ተማሪ ማነጻጸር ይፈልጋል። ከተፈቀደ ሊንከንና ዳግላስ የተመቹ ናቸው፤ ይተዋወቁ ነበርና። ዳግላስ በኦገስት 1863 ዋይት ሐውስ ሄዶ ስለ ጥቁር ወታደሮች ደመወዝ ሊንከንን አነጋግሯል። ሊንከን ከተገደለ ከ11 ዓመት በኋላ፣ ኤፕሪል 14 ቀን 1876፣ ዋሽንግተን ውስጥ ሐውልት ሲመረቅ ዳግላስ ንግግር አድርጓል። ሊንከን በመጀመሪያ የነጮች ፕሬዚዳንት ነበር ብሎ በአደባባይ ተናገረ። ከባርነት ተቃዋሚዎች ወገን ሆነን ስናየው ዘገምተኛና ቀዝቃዛ ነበር፤ ከአገሩ ሕዝብ ስሜት አንጻር ስናየው ግን ፈጣንና ቆራጥ ነበር አለ። ሁለቱን ሚዛን በአንድ ንግግር ውስጥ መያዝ ቀላል ነገር አይደለም። ይህን ንግግር ከግሪሊው ደብዳቤ ጋር ያነበበ ተማሪ ሁለት ሰው ሳይሆን አንድ ጥያቄ ይዟል። ማነጻጸር የሚያዋጣው እንዲህ ሲሆን ነው። ዋሽንግተንንና ተብማንን ማነጻጸር ግን ሁለት ትንንሽ ፔፐር አጣብቆ ማቅረብ ይሆናል።

ምንጩን በምን ቅደም ተከተል?

ዊኪፒዲያን አትፍሩት፤ ግን መነሻ ብቻ ይሁን። ቀኖችንና ስሞችን ያዙና ከገጹ በታች ያሉትን ምንጮች ተከትላችሁ ውጡ። ከዚያ አንድ በባለሙያ የተጻፈ ዘመናዊ የሕይወት ታሪክ ያዙ። ሁሉንም ማንበብ አይጠበቅባችሁም። ማውጫውን አይታችሁ ጥያቄያችሁን የሚነካውን ምዕራፍ አንብቡ፤ የግርጌ ማስታወሻዎቹንም ጭምር። ጸሐፊው ሰነዱን ከየት እንዳገኘው እዚያ ተጽፏል። ከዚያ ወደ ሰነዱ ወደ ራሱ ሂዱ።

ስለ ኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) ትጠይቁኛላችሁ። ከባድ የ19ኛ ክፍለ ዘመን አንቀጽ እንዲያብራራላችሁ ብትጠይቁት ይጠቅማል፤ መምህራችሁ ከፈቀደ። ጥቅስና የገጽ ቁጥር ግን አትቀበሉት። የሌለ መጽሐፍ በእርግጠኝነት ይጠቅስላችኋል። ሰነዱን ከፍታችሁ በዓይናችሁ ያላያችሁትን ጥቅስ አታስገቡ፤ ከማንም ይምጣ።

እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋችሁ ከሆነ፣ ማስታወሻ በአማርኛ ያዙ። አንቀጹን አንብቡ፣ ገጹን ዝጉ፣ የገባችሁን በአማርኛ ጻፉ፣ አጠገቡ የመጽሐፉን ስምና ገጹን አስፍሩ። ፔፐሩን ስትጽፉ ከማስታወሻው ተነሥታችሁ በራሳችሁ እንግሊዝኛ ትጽፉታላችሁ። ሳያውቁ መገልበጥን፣ ተማሪ የሚቀጣበትን ፕሌጃሪዝምን፣ ከዚህ የተሻለ የሚከላከል መንገድ አላየሁም። ሐሳቡ የሌላ ሰው ከሆነ ግን በራሳችሁ ቃል ብትጽፉትም ምንጩ ይጠቀስ።

የአጠቃቀስ ዘዴውን መምህሩን ጠይቁ። የታሪክ መምህራን ብዙውን ጊዜ የግርጌ ማስታወሻ ያለውን የቺካጎ ዘዴ ይፈልጋሉ፤ የእንግሊዝኛ መምህራን ደግሞ «ኤም ኤል ኤ» የሚባለውን። የዳግላስ መጻሕፍት በብዙ እትም ስላሉ የገጽ ቁጥሩ አይገጥምም። የትኛውን እትም እንደተጠቀማችሁ ጻፉ፤ የምዕራፉንም ቁጥር ጨምሩ።

ጊዜያችሁን አይታችሁ ወስኑ

አንድ ሳምንት ብቻ ከቀራችሁ ሊንከንን ያዙና ከግሪሊው ደብዳቤ አትውጡ። ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ካላችሁ ዳግላስ ነው፤ የ1845ቱን ሙሉውን፣ ከ1881ዱ ደግሞ የማምለጡን ምዕራፍ አንብቡ። ከዚያ በላይ ካላችሁና ሰነድ ማመሳከር ደስ የሚላችሁ ከሆነ ተብማን። ሴሚስተር ሙሉ ያለው፣ ወይም ለናሽናል ሒስትሪ ዴይ ውድድር የሚዘጋጅ ተማሪ ሮቢንሰንን ቢሞክር ደስ ይለኛል። ግን ርዕሱን ለመምህሩ ከማስገባቱ በፊት ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ሄዶ የ1935ና የ1936 የቺካጎ ዲፌንደር እትሞች ይገኙ እንደሆነ ያረጋግጥ። ከሌሉ ወደ ዳግላስ ይመለስ።